ወንድሙ ዋሻ ሊያሳየን ነው፣ እኔ ግን የፈራሁት ምሳውን ነው

ሰላም ላንቺ ይሁን የዓምዱ አዘጋጅ፣ ሁሌ አነብሻለሁ ግን ጽፌልሽ አላቅም፣ ዛሬ ግራ ስለገባኝ ነው። የምኖረው ዓለም ገና ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቁ አስር ዓመቱ ነው ትንሿ አምስት። ባለቤቴ የመንግስት ሰራተኛ ነው፣ እኔ ደሞ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ አማቴም አብረውን ነው የሚኖሩት።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ጀርመን ነው ያለው፣ ዘንድሮ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይመጣል። እና ሁላችንንም ድሬዳዋ ወስዶ የጥንት ሰዎች ድንጋይ ላይ የሳሉትን ስዕል ሊያሳየን ነው፣ ለጋ ኦዳ የሚባለውን። አምና ፈረንሳይ አገር ላስኮ የሚባል ዋሻ ቤተሰቡን ወስዶ አይቶ ከዛ ወዲህ በደወለ ቁጥር ወሬው ዋሻ ነው፣ «እኛ አገር እያለ ማንም አያየውም» ይላል። ትኬቱንም ሆቴሉንም እኔ እችላለሁ ብሏል።

እና ምን አስጨነቀሽ ትይኝ ይሆናል። ካቻምና መጥቶ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ምሳ ጋብዞን ነበር። ቀኑ አርብ ነው፣ አማቴ ጾመኛ ናቸው፣ አስተናጋጇ ሽሮው የጾም ነው ብትላቸውም «ማማሰያው ቅቤ ነክቶታል» ብለው ሻይ በደረቅ ዳቦ አስመጥተው ተቀመጡ፣ ልጆቹ ፒዛ ፒዛ ይላሉ፣ የሱ ሚስት ሜኑውን ታገላብጣለች። ባለቤቴ እጁን ሊታጠብ ተነስቶ ሲመለስ ወንድሙ ሂሳቡን ከፍሎ ጨርሷል። «ምነው፣ እኔ ነበርኩ እኮ የምከፍለው» ሲለው እየሳቀ «ተወው ባክህ፣ ደሞዝህን አውቀው የለ» አለው። በቀልድ ነው ያለው ግን ሁላችንም ሰምተናል፣ አስተናጋጇም ሰምታለች። ባለቤቴ ዓለም ገና እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይሄን ወንድሙን እኮ አባታቸው ሲሞት ደብተር ገዝቶ፣ ኪራይ ከፍሎ፣ ኮሌጅ ድረስ ያስተማረው እሱ ነው።

አሁን ደሞ አራት ቀን ሙሉ ቁርስ ምሳ እራት ውጪ ልንበላ ነው። ባለቤቴ ከወዲሁ «እናንተ ሂዱ እኔ ስራ አለብኝ» ማለት ጀምሯል። አማቴ «ቁልቢ ገብርኤልን አልፌ የጅብ ጉድጓድ ላይ ነው የምሄደው?» ይላሉ፣ በዛ ላይ ፍልሰታ ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ መጽሐፍ ላይ እነዛን የተሳሉ ላሞች አይቼ እስካሁን ከአይኔ አልጠፉም፣ ግን እሱን ተዪው። ለወንድሙ እኔው ራሴ በዋትሳፕ ልጻፍለት? ወይስ ልጆቹ አሟቸዋል ብዬ ነገሩን ላስቀረው?

ግራ የገባኝ፣ ከዓለም ገና

*

እህቴ፣ ልጆቹ አሟቸዋል የምትለዋን ከአሁኑ እንጣላት። አስር ዓመት የሞላው ልጅ አንድ ቀን አጎቱ ፊት «እኔ መቼ ታመምኩ?» ማለቱ አይቀርም። ደሞስ ጉዞው ቢቀር ያ የቢሾፍቱ ነገር አብሮ ይቀራል እንዴ፣ ወንድምየው ቤታችሁ መጥቶ በግ ሲያሳርድ ወይ ለልጆቹ ጫማ ሲገዛ ያው ቁስሉ መነካቱ ነው።

እንደሚገባኝ ከሆነ ዋሻው ማንንም አላስቀየመም። የተቀያየማችሁት ገበታ ላይ ነው፣ አማትሽ በማማሰያው፣ ባለቤትሽ በሂሳቡ፣ አንቺ ደሞ መሀል ቁጭ ብለሽ የሁሉንም ፊት እያየሽ የበላሽው ምን እንደነበር እንኳን አልነገርሽኝም።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ከዛ ቀን በኋላ ባለቤትሽ ጋር ነገሩን አንስታችሁት ታውቃላችሁ? ወይስ እሱም ዝም አንቺም ዝም? እኔ የሚመስለኝ ዝም ነው፣ ምክንያቱም የሱን ዝምታ ጻፍሽልኝ እንጂ ያለውን ነገር አልጻፍሽልኝም። ያስተማረህን ታላቅ ወንድምህን በሰው ፊት «ደሞዝህን አውቀዋለሁ» ማለት ነውር ነው፣ በቀልድም ይሁን በምን፣ እሱን አላለሳልሰውም። ግን ደሞ ከሌላኛው ወገን ሆነሽ እየው፣ ይሄ ልጅ የበላውም የተማረውም በወንድሙ ደሞዝ ነው፣ ያንን ውለታ እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ አያውቅበት ይሆናል፣ እና ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ ቀድሞ ኪሱ ይገባል። ካፉ የወጣው ነገር ክፉ ነው፣ እጁ ግን ሲያደርግ የነበረው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ሰውየውን አላውቀውም፣ ባለቤትሽ ግን ያውቀዋል፣ እሱን ጠይቂው።

በዋትሳፕ ልጻፍለት ላልሽው ግን አይሆንም እልሻለሁ። አንቺ ብትጽፊለት ወንድምየው ደንግጦ ባለቤትሽ ጋር ይደውላል፣ ባለቤትሽ ደሞ ሚስቱ ለክብሩ ስትለምንለት እንደነበረ ይሰማል፣ በቃ አንዱ ውርደት ሁለት ሆነ ማለት ነው። መነጋገር ያለባቸው ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፣ ያውም ሰውየው አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ በስልክ፣ ሳህን መሀላቸው ሳይኖር። ያንቺ ስራ ባለቤትሽን እዛ ስልክ ድረስ ማድረስ ነው። ማታ ሱቅ ዘግተሽ ልጆቹ ሲተኙ «የቢሾፍቱ ነገር እንዳልወጣልህ አውቃለሁ፣ እኔም አልወጣልኝም» ብለሽ ጀምሪለት፣ መፍትሄ ይዘሽ አትምጪ፣ መጀመሪያ ያውራ። ሊቆጣ ይችላል፣ ይቆጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘው ነገር ነው።

ካወራ በኋላ ደሞ ሌላ የምትነግሪው ነገር አለሽ። በዛ ሁሉ ረጅም ደብዳቤ ስለራስሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፣ የላሞቹን ስዕል ከተማሪነትሽ ጀምሮ ማየት እንደምትፈልጊ ነገርሽኝና ወዲያው «ግን እሱን ተዪው» ብለሽ አለፍሽው። አልተወውም! ባለቤትሽ እኮ «እናንተ ሂዱ» ሲል እምቢ ያለው ወንድሙን ብቻ ይመስለዋል፣ አንቺንም እምቢ እንዳለ አያውቅም፣ ከየት ይወቀው፣ አልነገርሽውም። «ወንድምህ ስለጋበዘን ሳይሆን እኔ ማየት ስለምፈልግ ካንተ ጋር መሄድ እፈልጋለሁ» ብትዪው የሚመልስልሽ ነገር ሌላ ነው የሚሆነው። ሞክሪው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ትኬትና ሆቴል ወንድምየው ይቻል፣ ብሏል፣ ይሁንለት፣ እሱን መከልከልም ሌላ ጠብ ነው። የዋሻው ቀን ግን የባለቤትሽ ትሁን፣ ከድሬዳዋ ለጋ ኦዳ የምትሄዱበት መኪና ኪራይ፣ ጋይዱ፣ ስትመለሱ የምትበሉት ምሳ፣ ሁሉም ከሱ ኪስ። ይሄን ሁለቱ አስቀድመው በስልክ ይጨርሱት። ቀሪውን ቁርስና እራት ደሞ ምን ብታደርጉ ጥሩ ነው መሰለሽ፣ ሁለቱም የአቅማቸውን በፖስታ አድርገው ለእናታቸው ይስጡና አማትሽ ከፋይ ይሁኑ! አትሳቂ፣ የምሬን ነው። ማን ስንት እንዳስገባ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ሂሳብ ሲመጣ ፊታቸው ይቀመጣል፣ ከወንድሙ እጅ ሂሳብ የሚነጥቅ ሞልቷል፣ ከእናቱ እጅ የሚነጥቅ ግን እስኪ የትኛው ነው። ቤቱ በቴሌብር ነው የምንቀበለው ካለ ትልቁ ልጅሽ ይርዳቸው። ደሞ የጅብ ጉድጓድ እያሉ የሚያጣጥሉት ጉዞ ባለቤት ሲሆኑ አነጋገራቸው ራሱ ይቀየራል፣ ሰው ባለገንዘብ ሲሆን ሜኑ ላይ አስተያየት መስጠት ይወዳል።

አማትሽ ቁልቢ ማለታቸው ግን ትክክል ናቸው፣ እንደውም እኔ እሳቸው ጋር ነኝ። በዚህ ዕድሜያቸው ድሬዳዋ ደርሰው ገብርኤልን ሳይሳለሙ ይመለሱ ማለት ይከብዳል፣ ቁልቢ ከድሬ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ በጠዋት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ቁልቢን ከዋሻው በፊት አድርጊው፣ ልባቸው ካረፈ በኋላ ሌላው ቀላል ነው። አደራ ሐምሌ 19ኝን ግን ራቁት፣ ንግስ ነው፣ ያን ሰሞን መንገዱም ሆቴሉም ሰው በሰው ነው።

ፍልሰታን ደሞ ከተቻለ ሽሹት። ወንድምየው ትኬት ካልቆረጠ ባለቤትሽ ሲደውልለት ቀኑን አብሮ ያንሳለት፣ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ከዛ እስከ ነሐሴ 1 ረቡዕና አርብ ብቻ ነው ጾሙ፣ የሐምሌ መጨረሻ ሳምንት ንግሱም አልፎ ይሆናል በጣም ጥሩ ነው። ወይ ደሞ ከነሐሴ 16 በኋላ። ቀኑ አልንቀሳቀስ ካለም ያን ያህል አትጨነቂ፣ በፍልሰታ ብዙው የክርስቲያን ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን ወደ ጾም ስለሚያዞር እንደ ቢሾፍቱዋ አርብ የጾምና የፍስክ ማማሰያ አይጋጭባችሁም። ድሬ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤቶችም ብዙ ናቸው፣ ከጀርመን የሚመጡት ልጆች ሩዝና ሳምቡሳቸውን አያጡም። ብቻ አማትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ እሳቸውን በባዶ ሆድ ዋሻ እወስዳለሁ እንዳትዪ። ድሬ ከናንተ ሰፈር ወደ 1000 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፣ ሙቀቱ ቀልድ አደለም። የዋሻው ቀን ሆቴል ይረፉ ወይ ቅዳሴ ይሂዱ፣ እናንተ በጠዋት ሄዳችሁ ስትመለሱ አብራችሁ ትበላላችሁ።

የምግባቸውን ነገር በተመለከተ አንድ የሚታየኝ ነገር አለ። አማትሽ ምግብ ቤት የሚቆጡት ቤታቸው ስላልሆነ ይመስለኛል፣ ማድቤቱን አያዩትም፣ ድስቱን አያውቁትም፣ ልጆቻቸው ደሞ ለሽሮ ሲከራከሩላቸው ያፍራሉ። ስለዚ የጉዞው ስንቅ የሳቸው ስራ ይሁን፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ለልጆቹም ለናንተም የሚበቃ። ይሄ ለሳቸው ተብሎ ብቻም አደለም፣ ለጋ ኦዳ ገጠር ነው፣ እዛ ሄደን አንድ ቤት እንበላለን ብላችሁ አትውጡ፣ ውሃም ስንቅም ከከተማ ይዛችሁ ነው። ሆቴሉ ጋር ደሞ ከመሄዳችሁ በፊት ደውዪና አንድ ጾመኛ እናት አሉ በንጹህ ድስት ለብቻ ይሰራላቸው በያቸው፣ ቀድሞ ከተነገራቸው ያደርጉታል፣ ችግር የሚሆነው ሰው ርቦት ከተቀመጠ በኋላ ሲጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ላሞችሽ። ለጋ ኦዳ ከድሬዳዋ በደቡብ ምዕራብ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እና ለአማትሽ ንገሪልኝ፣ እንደሚያስቡት ጨለማ ጉድጓድ አደለም፣ ቋጥኙ እንደ ጣራ ወደ ፊት ወጥቶ ከስሩ ሰው የሚጠለልበት ቦታ ነው፣ ስዕሎቹም በቀን ብርሃን ነው የሚታዩት። በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፣ ቀይ፣ ቡኒ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰዎችና እንስሳት፣ ከብቶቹ ደሞ ቀንዳቸው የረዘመ፣ ሻኛ የሌላቸው፣ አሁን ሜዳ ላይ ከምናያቸው ከብቶች የተለዩ። ትልቁ ልጅሽ ይሄን ራሱ እንዲያገኘው አድርጊ፣ «እነዚህ ላሞች ምን ይጎላቸዋል?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በይ።

ከተማው አጠገብ ደሞ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ አለ፣ ስዕል አለው፣ እዛው ዋሻ ውስጥ ከ4000 በላይ የቀይ አፈር ቁራጭ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ አንድ ላይ ወደ 40 ኪሎ፣ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ፣ መፍጫ ድንጋዮቹ ሳይቀሩ። ግድግዳው ላይ ያሉት ስዕሎች ከሱ በጣም ዘግይተው ነው የመጡት፣ ግን ሰው ቀለም ሲፈጭ ምን ያህል እንደቆየ አስቢው። አቀበቱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ትንሿን ይዘሽ እንዳትሞክሪው፣ አባትና ትልቁ ልጅ ይውጡ።

የሁለቱንም ቦታ ፈቃድና ጋይድ ከመሄዳችሁ በፊት የድሬዳዋ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቁ፣ የመንገዱን ሁኔታ ጭምር። በክረምት የድሬ ደረቅ ወንዞች አይታመኑም፣ ከተማው ላይ ጸሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፍ ድንገት ይመጣል፣ በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ ያደረገውን ሰው አይረሳውም። ስለዚ በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በፊት ተመለሱ፣ ጋይዱ «ዛሬ ይቅር» ካለ ይቅር።

ስለ ላስኮ አንድ ሚስጥር ልንገርሽ ግን ለባለቤትሽ ከጉዞው በፊት እንዳትነግሪው፣ በሂሳቡ ፈንታ ጠረጴዛ ላይ ይመዘዋል። ዋናው የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው። የሚጎርፈው ሰው ትንፋሽና እርጥበት ግድግዳው ላይ አልጌ አበቀለበትና ዘጉት፣ አሁን ሰው የሚያየው እዛው አካባቢ የተሰራውን ቅጂ ነው፣ አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የተከፈተው። ወንድምየው ያየው ቅጂውን ነው። ቅጂውም በጣም ጥሩ ነው ይባላል፣ ግን ለጋ ኦዳ ስትቆሙ የምታዩት ራሱ የተሳለው ነው፣ መስታወትም አጥርም ሳይከልላችሁ ፊት ለፊት ልትቆሙ ትችላላችሁ፣ ስለዚ ለልጆቹ (የጀርመኖቹንም ጨምሮ) በእጅ መንካት፣ ፎቶ ላይ እንዲደምቅ ብሎ ውሃ መርጨት፣ ስም መጻፍ እንደሌለ መኪና ውስጥ እያላችሁ ንገሪያቸው። እዛ ደርሰሽ ብትጮሂ አይሰሙሽም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ለራሳችሁ አውጡ። ዓለም ገና ነው ያለሽው እኮ፣ በቡታጅራ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ አዋሽን ስትሻገሩ መልካ ቁንጡሬ የሚባለው የጥንት ሰዎች መኖሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ እዛው አካባቢ ካለው ባልጪት ጋር የመዘገበው። የግድግዳ ስዕል የለውም፣ ግን ሙዚየሙ አለ፣ የድንጋይ መሳሪያው አለ፣ እና እዛ የ700 ሺህ ዓመት ዱካ ተገኝቷል፣ ከትልልቆቹ ጋር የህጻናት እግር ጭምር፣ አንድና ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች፣ ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲበልቱ አጠገባቸው የነበሩ። ለአምስት ዓመቷ ልጅሽ ይሄን ንገሪያት፣ ከላሞቹ የበለጠ ይገባታል። አማትሽንም ውሰዷቸው፣ ስንቁንም በዛው ይሞክሩት፣ ስትመለሱ መንገድ ላይ አረፍ ብላችሁ ብሉና ባለቤትሽ ይክፈል፣ ልጆቹ አባታቸው ሂሳብ ሲከፍል ይዩት። ስለ ድሬዳዋም እዛው ብታነሺበት ከሳሎን የተሻለ ነው፣ ወንድሙ በሌለበት፣ ሁላችሁም ጠግባችሁ። የማታውን ንግግር ከዛ በፊት ከጨረሳችሁት ደሞ ይበልጥ ጥሩ።

መሄጃውን በተመለከተ፣ ከድሬ ለጋ ኦዳም ቁልቢም በኪራይ መኪና መሄዳችሁ ስለማይቀር እስከ ድሬ ድረስ ባቡር አስቡበት፣ ለቡ ጣቢያ ለናንተ ቅርብ ነው፣ ልጆቹም እየተንቀሳቀሱ ይሄዳሉ። በየቀኑ ይሄዳል ብላችሁ ግን እንዳትገምቱ፣ የሚነሳበትን ቀን ጣቢያው ሄዳችሁ ጠይቁና ከሆቴሉ ቀን ጋር አገናኙት። አማትሽ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ከሆነ ወንድምየው የሳቸውን በአውሮፕላን ያድርገው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እንግዲህ ገንዘብ ካወጣ እዚህ ላይ ያውጣ።

ሱቅሽን ማን እንደሚጠብቅልሽ ግን አልነገርሽኝም። አራት ቀን ዘግተሽ ብትሄጂ ዱቤ ያለባቸው ደንበኞችሽ ሌላ ሱቅ ይለምዳሉ፣ እህት ወይ የምታምኛት ጎረቤት ካለች ከአሁኑ ያዣት፣ ዕቃ የሚያመጣልሽንም ሰው ቀኑን ንገሪው። ወንድማማቾቹ ተነጋግረው ቀን ሲቆርጡ ደሞ ጻፊልኝ፣ በተለይ አማትሽ ፖስታውን ሲቀበሉ ምን እንዳሉ።